ኮሮና፣ ክትባቱና ሕክምናው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወረርሽኙ ቢረሳም ጥያቄው አላለቀም፤ ደጋግመው የሚመጡትን ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ። (የአገራችን አቆጣጠር ነው ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ኮሮናና ኮቪድ አንድ ናቸው?

በሰፈር ቋንቋ አዎ። በትክክል ለመናገር ግን ኮሮና የአንድ የቫይረስ ቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ ቤተሰብ አራቱ ተራ ጉንፋን የሚያመጡ ናቸው፤ ሁላችንንም በልጅነታችን ሳይዙን አልቀሩም። በ2019 መጨረሻ ቻይና፣ ዉሃን ከተማ ላይ የታየው አዲሱ አባል ሳርስ ኮቭ 2 ይባላል። እሱ የሚያመጣው በሽታ ደግሞ ኮቪድ 19 ነው። እኔም እዚህ እንደ ሰፈሩ ኮሮና እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጉንፋን ይሁን ኮሮና በምልክቱ መለየት ይቻላል?

አይቻልም። መጀመሪያ ሰሞን ሽታና ጣዕም መጥፋቱ ጥሩ ጠቋሚ ነበር። ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ከመጣ ወዲህ ግን ያ ምልክት ቀንሷል፤ ጉሮሮ መከርከርና ንፍጥ በዝቷል። ያለው መንገድ መመርመር ነው።

በፈጣኑ ምርመራ «ነጻ ነህ» ተብሎ ምልክቱ ካለ ግን ቶሎ አትዝናኑ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ ገና ትንሽ ስለሆነ ያመልጠዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ መድገም ይሻላል። ፒሲአር የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ በተቃራኒው በጣም ጥቂቱን ቫይረስም ያገኛል። ሰውየው ከዳነ ከሳምንታት በኋላም የቫይረሱን ቅሪት አግኝቶ «አለበት» ሊል ይችላል።

ይሄ ሁሉ ተመራምረው መድኃኒት አላገኙለትም?

አግኝተዋል። ግን ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ጤነኛ ለሆነ ጎልማሳ እረፍት፣ ፈሳሽ፣ ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል። በዕድሜ ለገፉ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው፣ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ግን ፓክስሎቪድ የሚባል እንክብል አለ። ምልክት በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ባልተከተቡና ለአደጋ በተጋለጡ ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለጀመሩት ሆስፒታል መግባትንና ሞትን በ89 በመቶ ቀንሷል። ችግሩ ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጣላል፦ ከአንዳንድ የኮሌስትሮል፣ የልብ ምት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋር። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀሩ፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

አዚትሮማይሲንስ? ስንቱ ሰው ፋርማሲ ሄዶ «የኮሮናውን ስጡኝ» ብሎ ገዝቶታል። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፤ ኮሮና ቫይረስ ነው። ያም ሆኖ እንግሊዝ ውስጥ ከ7,700 በላይ በሽተኞች ላይ ተሞክሯል። የወሰደውም ያልወሰደውም እኩል ሞተ፤ ከመቶ 22። ሐኪም ተጨማሪ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ካየ ሊያዝ ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ... እኔ ድኜበታለሁ እኮ!

አምናለሁ፣ ድናችኋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት እኛም ቤት ፌጦ ያልሸተተበት ቀን አልነበረም። ትኩስ ነገር ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ፈሳሽ መጠጣትም ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አስቡ። ኮሮና የያዘው አብዛኛው ሰው ምንም ሳይወስድም ይድናል። ስለዚህ ምንም ነገር ብትወስዱ፣ አጥሚትም ቢሆን፣ «አዳነኝ» ማለት ይቻላል። የምርምር ሥራ በሙሉ የሚያርፈው በአንዲት ጥያቄ ላይ ነው፦ ካልወሰደው ሰው ጋር ሲነጻጸርስ? በዚህ ጥያቄ ተፈትኖ ኮሮናን እንደሚያድን የተረጋገጠ ዕፅ እስካሁን የለም። የማዳጋስካር ፕሬዚዳንት በሚያዝያ 2020 በአደባባይ ጠጥተው ያስተዋወቁት አርቲሚሲያ ከተባለ ዕፅ የተሠራ መጠጥም ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ድረስ ተልኮ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ልጅን የፈላ ውሃ ላይ ጎንበስ አድርጎ ማጠን ኮሮናን አይገድልም፤ ቃጠሎ ግን ያመጣል። አረቄም ከውስጥ «አያጸዳም»። ኢራን ውስጥ በ2020 ያንን አምነው ሜታኖል የተቀላቀለ መጠጥ የጠጡ መቶዎች ሞተዋል።

ክትባት አሥር ዓመት ይፈጃል ይባል አልነበር? ይሄ እንዴት በአንድ ዓመት ደረሰ?

በአንድ ዓመት አልደረሰም። በአንድ ዓመት ያለቀው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን፣ የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች የተሠሩበትን ኤምአርኤንኤን (ሕዋስ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚነግረውን መልእክት) ሰውነት እንዳያጠቃው አድርጎ የማስገቢያውን ዘዴ ያሳተሙት በ2005 ነው። ያኔ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ካሪኮ ከዚያ በፊትም በዩኒቨርሲቲዋ ከደረጃዋ ዝቅ ተደርጋ ነበር። በ2023 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። የቫይረሱ እሾህ መሳይ ፕሮቲን ዒላማ መሆን እንዳለበትም ከ2003ቱ ሳርስና በ2012 ከታየው ሜርስ ተምረውት ነበር።

የቀረው ገንዘብና ወረፋ ነው። በሌላ ጊዜ አንድ ክትባት ከአንዱ የሙከራ ደረጃ ወደሚቀጥለው ለመሻገር ዓመታት ገንዘብ ይጠብቃል። አሁን ደረጃዎቹ ተደራርበው ተሠሩ። መንግሥታት ውጤቱ ሳይታወቅ ለምርቱ ከፈሉ፤ ባይሠራ ኖሮ የሚደፋ ገንዘብ ነበር። ደግሞ በሽታው በየቦታው ስለነበር ውጤቱን ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። የቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል በጥር 2020 ይፋ ሆነ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2020 እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ውስጥ አንዲት የ90 ዓመት እናት ከሙከራ ውጪ የመጀመሪያዋ የፋይዘር ተከታቢ ሆኑ።

እኛ ጋ የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ የተጀመረው ደግሞ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በዓመቱ፣ በዕለቱ። ያኔ የገባው ኮቫክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል የመጣ፣ ሕንድ የተመረተ፣ 2.2 ሚሊዮን ገደማ አስትራዜኒካ ነበር።

«95 በመቶ ይከላከላል» ማለት ከመቶ ተከታቢ አምስቱ ይታመማሉ ማለት ነው?

አይደለም። ይሄ ስህተት ጋዜጠኛም፣ ሐኪምም ሲሳሳቱት ሰምቻለሁ። የፋይዘርን እንውሰድ። ከ43 ሺህ በላይ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ክትባቱን፣ ግማሹ የጨው ውሃ ተወጋ። ማን ምን እንደተወጋ ተወጊውም ሐኪሙም አያውቁም። ከሁለተኛው መርፌ አንድ ሳምንት በኋላ ጀምሮ ሲቆጠር 170 ሰው በኮሮና ታመመ። ከነሱ 162ቱ የጨው ውሃዎቹ ናቸው፤ 8ቱ የክትባቱ። 8 ለ162፤ 95 በመቶ የመጣው ከዚህ ነው።

ልብ በሉ፣ በክትባቱ ወገን ወደ 21,700 ሰው ነበር። ከዚያ ሁሉ 8። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ካልተከተበው ጋር ሲነጻጸር አደጋው ስንት እንደቀነሰ ነው። ያለ ማነጻጸሪያ 95 ባዶ ቁጥር ነው።

ታዲያ ተከትቤ ለምን ያዘኝ?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ክትባቱ የሚያስነሳው አንቲቦዲ (ቫይረሱን የሚይዝ የደም ፕሮቲን) በወራት ውስጥ ይቀንሳል። በሽታው ሳንባ ከደረሰ የሚዋጉት የማስታወሻ ሕዋሳት ግን ይቆያሉ። ለዚህ ነው የተከተበ ሰው ጉንፋን መሳይ ነገር ይዞት የሚያልፈው። እስራኤል ይሄን ቀድማ አይታዋለች። እዚያ አንድ ትልቅ የጤና መድኅን ድርጅት 600 ሺህ ገደማ ተከታቢዎችን በዕድሜና በጤና ሁኔታ ከሚመሳሰሏቸው ያልተከተቡ እኩል ቁጥር ሰዎች ጋር አነጻጸረ። የመጀመሪያው ውጤት ከሙከራው ጋር አንድ ነበር። በ2021 ክረምት ግን የተከተቡም መያዝ ጀመሩ፤ በሐምሌ መጨረሻ ለአረጋውያን ሦስተኛ መርፌ ተጀመረ። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ታስታውሱታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ቫይረሱ መልኩን ይቀይራል። በኅዳር 2021 የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ተመራማሪዎች ኦሚክሮንን ለዓለም አሳወቁ። የተሸለሙት የጉዞ እገዳ ነበር፤ አሁንም ሲታሰበኝ ያናድደኛል።

ክትባቱ ውስጥ ምን አለ? ቺፕ፣ 666፣ መካንነት ይባላልና።

የሃይማኖቱን ጥያቄ ለአባቶች እተወዋለሁ። የይዘቱን ግን መናገር ይቻላል፦ በፋይዘሩ ውስጥ ኤምአርኤንኤ፣ እሱን የሚሸፍን የቅባት ጠብታ፣ ጨውና ስኳር ነው። ኤምአርኤንኤው በቀናት ውስጥ ይበታተናል፤ ወደ ዘረ መላችንም አይገባም።

መካንነትን በተመለከተ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ልጅ ለመውለድ የሚሞክሩ ከ2,000 በላይ ጥንዶች ክትትል ተደርጎባቸዋል። መከተብ፣ ሚስትም ትሁን ባል፣ የማርገዝ ዕድልን አልቀነሰም። የሚገርመው ለጊዜው የቀነሰው ባልየው በቅርቡ በኮሮና ሲያዝ ነው። የወር አበባ ግን፣ ሴቶች «ተዛባብኝ» ሲሉ እውነታቸውን ነበር። ሲለካ በአማካይ ከአንድ ቀን ያነሰ መዘግየት ሆኖ ተገኘ፤ በሚቀጥለው ዑደት ወይም ሁለት ይስተካከላል። መጀመሪያ ላይ ጥናቶቹ ጉዳዩን አለመጠየቃቸው ነው ጥፋቱ። እርጉዝ ሴት ኮሮና ሲይዛት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት አደጋዋ ስለሚጨምር መከተቡ ይመከርላታል።

የደም መርጋትና የልብ ነገርስ? እሱም ወሬ ነው?

እሱ ወሬ አይደለም። የአስትራዜኒካና የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባቶች ከፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ ከሚያደርገው የደም ክፍል) መውረድ ጋር የሚመጣ የደም መርጋት አስከትለዋል። ብርቅ ነው፤ በእንግሊዝ ስሌት ከ100 ሺህ ተከታቢ ከአንድ እስከ ሁለት ሰው። ብርቅ ቢሆንም ገዳይ ነው። ፋይዘርና ሞደርና ደግሞ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ባለው ሳምንት፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት አምጥተዋል። አብዛኞቹ ድነዋል። ከክትባት በኋላ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ሐኪም ማየት ግድ ነው።

«ታዲያ በሙከራው ለምን አልታየም?» 40 ሺህ ሰው ያለበት ሙከራ ከ100 ሺህ አንዱን የሚነካ ነገር ሊያሳይ አይችልም። ሒሳቡ አይፈቅድም። የሚታየው ሚሊዮኖች ሲከተቡና ሐኪሞች ያዩትን ሪፖርት ሲያደርጉ ነው። የሆነውም ይኸው ነው፤ ብዙ አገሮች አስትራዜኒካን ለወጣቶች መስጠት አቆሙ። ለ70 ዓመት ሰው ግን በዚያ ጊዜ ሚዛኑ ወደ መከተብ ያደላ ነበር። የኮሮናው አደጋ በዕድሜ እጥፍ እጥፍ እያለ ይጨምራልና።

ክሎሮኪን ያድናል አሉ፣ ከዚያ ይገድላል አሉ፣ ከዚያ አይሠራም አሉ። ማንን እንመን?

ይሄ ታሪክ በደንብ መነገር አለበት። በመጋቢት 2020 ማርሴይ፣ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ጥናት ወጣ። ስንት ሰው ላይ? 36። የክሎሮኪንን ዘመድ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ከጀመሩት 26 ሰዎች ስድስቱ ከስሌቱ ወጡ። ለምን? ሦስቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ መድኃኒቱ አቅለሸለሸው፣ አንዱ ሆስፒታሉን ጥሎ ሄደ። የባሰባቸውን አውጥቶ የተሻላቸውን መቁጠር! በዕጣም አልተከፈሉም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግን አስተጋቡት፤ ዓለም መድኃኒቱን አፈሰ። ክሎሮኪን ለኛ የወባ መድኃኒት ነው፣ እናውቀዋለን። ሌጎስ ውስጥ በዚያው ሰሞን ክሎሮኪን አብዝተው የወሰዱ ሰዎች ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ። ያ ጥናት በመጨረሻ ከመጽሔቱ የተሰረዘው በታኅሣሥ 2024 ነው።

ተቃራኒውም ጉድ አለው። በግንቦት 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከ671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ፣ ወደ 96 ሺህ በሽተኞች ያሉበት ጥናት መድኃኒቱ ይገድላል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የራሱን ሙከራ ለጊዜው አስቆመ። አንባቢዎች ግን መረጃው አልጥም አላቸው። ጠየቁ፤ መረጃውን ያቀረበው ድርጅት ለማሳየት እንቢ አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥናቱ ተሰረዘ።

ነገሩን የፈታው አሰልቺው መንገድ ነው። የእንግሊዙ ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ ሆስፒታል የተኙ በሽተኞችን በዕጣ ከፈለ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከወሰዱት 1,561 ሰዎች 27 በመቶ ሞቱ፤ ካልወሰዱት 3,155 ደግሞ 25 በመቶ። አይሠራም፤ አለቀ። አይቨርሜክቲንም ያው መንገድ ነው የሄደው። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት የሚታደል ባለውለታ መድኃኒት ነው። ለኮሮና ግን ተስፋ የሰጠው ዋነኛ ጥናት መረጃው አጠራጥሮ በ2021 ተሰረዘ፤ ብራዚል ውስጥ በ1,358 ሰዎች ላይ በዕጣ ሲሞከርም ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ «ማን አለ?» ሳይሆን «ከማን ጋር አነጻጽሮ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዴክሳሜታዞን ሕይወት ካዳነ ለምን እቤቴ ገዝቼ አልወስደውም?

ሊገድላችሁ ስለሚችል። ይሄ ርካሽ የድሮ ስቴሮይድ (የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ነው፤ በየጤና ጣቢያው አለ። በሰኔ 2020 ሪከቨሪ ውጤቱን ሲያሳውቅ ሐኪሞች ማመን አቃታቸው። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሞት ከ41 ወደ 29 በመቶ ወረደ። ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ከ26 ወደ 23። ኦክስጅን ከማያስፈልጋቸው ግን 14 የነበረው 18 ሆነ። የመጨረሻዋን ቁጥር ደግማችሁ አንብቧት። ልዩነቱ እርግጠኛ ጉዳት ነው ለማለት ባይበቃም፣ ጥቅም እንደሌለው ግን ግልጽ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ይዋጋል፤ ዴክሳሜታዞን የዚያን ጊዜ ወታደሩን ያስተኛዋል። በሁለተኛው ሳምንት፣ በከፋ በሽተኛ ላይ፣ ወታደሩ ራሱ ያብድና ሳንባን ያወድማል። ያኔ ማስተኛቱ ያድናል። ያው መድኃኒት፣ ያው በሽታ፣ ሰዓቱ ብቻ ነው የተለየው። በዚያ ላይ ስኳር ያንራል። ሕንድ ውስጥ በ2021 ስኳር ያለባቸውና ስቴሮይድ በዘፈቀደ የወሰዱ ብዙ ሰዎች ዓይንና አእምሮ በሚበላ ፈንገስ ተጎድተዋል። መጠኑ በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን፣ ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው፣ በሐኪም።

ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የደም ኦክስጅን መለኪያ ማሽን 93 አለችኝ። ልደንግጥ?

የት ሆናችሁ እንደለካችሁ ይወስናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የጤነኛ ሰው ቁጥር ጅቡቲ ካለው ሰው ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በጤናችሁ ጊዜ ለክታችሁ የራሳችሁን ቁጥር ማወቁ ጥሩ ነው። ከዚያ የወረደ፣ በተለይ ጥቂት ስትራመዱ የሚወርድ ከሆነ፣ ሂዱ። ከ90 በታች ከሆነ ጥያቄ የለውም። ጥፍር ቀለም ታሳስታለች፤ ቀዝቃዛ ጣትም እንደዚያው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው። ይህች ማሽን የምትሠራው ብርሃን በቆዳ አሳልፋ ነው፤ ቆዳ ሲጠቁር ደግሞ ከእውነተኛው በላይ ልታነብ ትችላለች። በታኅሣሥ 2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ማሽኗ ከ92 እስከ 96 ያለቻቸውን በሽተኞች ከደም ሥር በተወሰደ ደም አመሳከረ። ኦክስጅናቸው በእርግጥ ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ 3.6 በመቶ ሲሆን ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበር። ሦስት እጥፍ! አሜሪካና አውሮፓ የምትኖሩ፣ ትንፋሽ እያጠራችሁ «ቁጥርህ ጥሩ ነው፣ ቤትህ ሂድ» ከተባላችሁ ይሄን አንሱባቸው። ጉዳዩን እነሱም ያውቁታል።

ሆስፒታል በሆድህ ተኛ ያሉኝ ለምንድን ነው?

ሰፊው የሳንባ ክፍል ከጀርባ በኩል ስለሆነ። በጀርባ ስትተኙ ልብና ሆድ ይጫኑታል። በሆድ ሲተኛ ያ ክፍል ይከፈትና ኦክስጅን ይጨምራል። ወጪ የለውም። ከ1,100 በላይ ንቁ በሽተኞች ላይ በዕጣ ተሞክሮ መተንፈሻ ማሽን የሚያስፈልጋቸውን ቀንሷል። ምቾት የለውም፣ አንገት ያማል። እርጉዝ፣ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያድርገው።

ከዳንኩ ወራት አለፈኝ፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ከኮሮናው ነው?

ሊሆን ይችላል። «ሎንግ ኮቪድ» ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከታመሙ ሦስት ወር ገደማ በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ምልክት ይለዋል። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሐሳብ መበታተን፣ ቆመው ሲቆዩ ልብ መምታት። ስንፍና አይደለም፤ በሥራ ቦታ እንደዚያ የተባላችሁ ይበቃችኋል። የሚያድን አንድ መድኃኒት ገና አልተገኘም። አቅምን ቆጥቦ መጠቀምና በጥቂቱ መጨመር ይረዳል፤ «ላብ አውጥቼ አስወጣዋለሁ» ብሎ ሩጫ ግን ብዙዎችን መልሶ ጥሏል።

«ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት» የሚለውን አትዝለሉት። በአገራችን ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ መጀመሪያ የሚመረመረው ቲቢ ነው። ደም ማነስ፣ እንቅርት፣ ስኳርም ይታዩ። ሁሉን ነገር ኮሮና ላይ ጥሎ ቲቢን ማሳለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ አውሮፓ ያላለቅነው የቢሲጂ (የቲቢ) ክትባት ስላለን ነው?

ሁላችንም ክንዳችን ላይ ጠባሳዋን ስናይ የተጽናናንባት ሐሳብ ናት። ተሞከረች። ብራዚልን ጨምሮ በአምስት አገሮች ወደ 4,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች በዕጣ ተከፍለው ቢሲጂና ማስመሰያ ተወጉ። ምልክት ያለው ኮሮና የያዛቸው ከቢሲጂው 14.7፣ ከማስመሰያው 12.3 በመቶ። አልጠቀመም።

«አልያዘንም» የሚለውም ትክክል አይደለም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ደም ውስጥ አንቲቦዲ ሲፈለግ በነሐሴ 2020 ከመቶ 11 ገደማ ነበር። በየካቲት 2021 ከመቶ 54 ሆነ። ጅማም 56 ደረሰ። ማለትም ክትባት ሳይመጣ ከነዚህ ሠራተኞች ግማሹ ተይዞ ነበር፤ ብዙው ሳያውቀው። በይፋ የተመዘገበው በጠቅላላው 500 ሺህ ገደማ በሽተኛና ከ7,500 በላይ ሞት ነው። እውነተኛው ከዚህ እንደሚበልጥ አያጠራጥርም፤ ምርመራው ጥቂት ነበር፣ እቤት የሚሞተው ሰው ምክንያትም አይመዘገብም። ያም ሆኖ ወጣት አገር መሆናችን ረድቶናል። ከሕዝባችን ግማሹ ዕድሜው ከ20 በታች ነው፤ ኮሮና ደግሞ አዛውንት ይመርጣል።

አሁንም መከተብ አለብኝ?

ጤነኛ ወጣት ከሆናችሁና ቀድማችሁ ከተከተባችሁ ወይም ከተያዛችሁ፣ ጥቅሙ አሁን ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጀው አስቸኳይ ጊዜ በግንቦት 2023 አብቅቷል። አሁን ትኩረቱ በአረጋውያን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው፣ በእርጉዞችና በጤና ባለሙያዎች ላይ ነው። እናታችሁ 75 ዓመታቸው ሆኖ ስኳር ካለባቸው፣ መጠየቅ ያለበት ስለሳቸው ነው።

አፍሪካውያንን የሙከራ አይጥ ያደርጉናል። ለምን ጥናት ውስጥ እገባለሁ?

ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። በሚያዝያ 2020 መጀመሪያ አንድ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን፣ ቢሲጂ ለኮሮና መሥራት አለመሥራቱን አፍሪካ ላይ ለምን አንሞክረውም ብለው ተነጋገሩ፤ ማስክ የለም፣ ሕክምና የለም በሚል ምክንያት። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዘረኝነት ንግግር ነው ብለው አወገዙት። ትክክል ነበሩ።

ግን ያቺን የጣት ማሽን አስታውሷት። እሷ የጎዳችን በኛ ላይ ስለተሞከረች አይደለም፤ በበቂ ሁኔታ ስላልተሞከረች ነው። ከጥናት ውጪ መሆን መጠበቂያ አይሆንም። በኅዳር 2020 አንቲኮቭ የተባለ ሙከራ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ13 የአፍሪካ አገሮች ሲታቀድ ዓላማው ይሄ ነበር፦ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት ቦታ፣ ቀላል ሕመም ላይ ያለ ሰው እንዳይብስበት ምን እንደሚሠራ ማወቅ። ያንን ጥያቄ አውሮፓ አይመልስልንም።

ግባ ከተባላችሁ ጠይቁ። ከምን ጋር ነው የሚነጻጸረው? ማስመሰያው ቢደርሰኝ የተለመደው ሕክምና ይቀርብኛል? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? የአገር ውስጥ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል? ነገ ልተው ብል ሕክምናዬ ይቋረጣል? (መልሱ «አይቋረጥም» መሆን አለበት።) ስምምነቱ በምታነቡት ቋንቋ ካልሆነ አትፈርሙ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ከሆነ ከጥናቱ ወገን ያልሆነ ምስክር ባለበት ይነበብለት። አንዱን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚደወልበት ስልክ እሱ ላይ ነው ያለው።